ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዎን ወደ ውጭ አገር ሲበሩ

መንገደኛን መሸኘት በአገራችን የቆየ ደግ ልማድ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከቤቱ ብቻውን አይወጣም። ጎረቤት ይመርቃል፣ ዘመድ ሻንጣ ይሸከማል፣ ልጅ እንባውን እየጠረገ ይሰናበታል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሸኚ የሚደርሰው እስከ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በር ድረስ ነው። ከበሩ ወዲያ ፓስፖርትና ትኬት የያዘው መንገደኛ ብቻውን ይገባል።

ዛሬ ይህን በር ብቻቸውን ከሚያልፉት መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው። አንዷ አራስ ልጇን ልትጠይቅ ወደ አሜሪካ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ለሥልጠና ከመሥሪያ ቤቷ ተልካለች፤ ሌላዋ ደግሞ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ወደ ዓረብ አገር ታመራለች። ለብዙዎቹ ጉዞው የመጀመሪያቸው ነው። ቪዛ ለማግኘት ወራት የለፉ እናት የጉዞው ቀን ሲቃረብ «ብጠፋስ? ቋንቋውን አላውቀው፤ ብጠየቅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» እያሉ እንቅልፍ ያጣሉ።

መጨነቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ነገር ግን አውሮፕላን ማረፊያ ማናቸውም ሥራ በቅደም ተከተል የሚካሄድበት ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉን አስቀድማ ያወቀች፣ ሰነዷን ከእጇ የማታወጣና ለመጠየቅ የማታፍር ሴት አትጠፋም። የዚህ ሳምንት ጽሑፋችንም ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል

ከሁሉ በፊት ፓስፖርትዎን ይመልከቱ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። በትኬቱ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአንዱ ሰነድ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ቲ ኤስ» ተጽፎ ቢገኝ ጣጣ ያመጣል። ስሕተት ካለ ትኬቱን ከቆረጠው ቢሮ ዘንድ ቀደም ብሎ ማስተካከል እንጂ ለበረራው ዕለት ማቆየት አይገባም። በባዕድ አገር በድምፅ ማጉያ ሲጠሩ በአባትዎ ወይም በአያትዎ ስም ሊጠሩ ስለሚችሉ፣ የራሴን ስም አልሰማሁም ብለው ችላ አይበሉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቁ አገሮች አሉና ካርድዎ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ የተወሰደው ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከ0 እስከ 24 የሚቆጠር ሰዓት ነው። 14:00 ቢል የእኛ 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ 22:30 ቢል የእኛ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሣው በረራ ላይ ነው። ትኬቱ «ረቡዕ 00:30» ካለ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት ለረቡዕ አጥቢያ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ከቤት የሚወጡት ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ማታ የሄደች መንገደኛ አውሮፕላኗ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም ያህል አይቀረውም። እንዲሁም በትኬቱ ላይ የተጻፈው የመድረሻ ሰዓት የሚደርሱበት አገር ሰዓት እንጂ የአዲስ አበባ አለመሆኑን ያስታውሱ።

ሻንጣና አደራ

ለአንድ ሻንጣ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ የእርስዎ መጠን ግን በትኬትዎ ላይ ስለሚጻፍ እርሱን ይከተሉ። ሻንጣውን ከቤት መዝነው ይሂዱ። በሰልፍ መካከል ሻንጣ ከፍቶ ሽሮና በርበሬ መቀነስ ለመንገደኛዋም ለተሰለፈውም ድካም ነው።

ከ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ማስገባት ተከልክሏል። ማር፣ ንጥር ቅቤና አዋዜም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። እነዚህ በሚገባ ታሽገው ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግቡ። የስልክ ባትሪ መሙያ የሆነው ፓወር ባንክ ደግሞ በተቃራኒው በእጅ ቦርሳ እንጂ በትልቁ ሻንጣ አይገባም፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። የዘወትር መድኃኒትዎ፣ መነጽርዎና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጅዎ አይለዩ። ቋንጣ ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት አይፈቀድም። አውሮፓውያኑ ቅቤና አይብም ይከለክላሉ። የያዙትን ምግብ ሁሉ ሲጠየቁ በግልጽ መናገር ነው የሚበጀው፤ ደብቆ መገኘት ያስቀጣል።

በዚህ ረገድ ጠንከር አድርገን የምናሳስበው ስለ አደራ ነው። «ይህችን ትንሽ ዕቃ ለልጄ አድርሺልኝ» መባባል የኖርንበት መተሳሰብ ነው። ሆኖም በሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ስም የእርስዎ ስለሆነ በውስጡ ለሚገኘው ሁሉ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ «ሻንጣውን ያዘጋጁት ራስዎ ነዎት? ሰው የሰጠዎት ዕቃ አለ?» የሚል ጥያቄ ሊቀርብልዎ ይችላል። ስለሆነም የማያውቁት ሰው የሚሰጥዎትን ዕቃ፣ በተለይ በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሚቀርብልዎትን፣ ፈጽሞ አይቀበሉ። የዘመድም ቢሆን ከፍተው አይተው፣ በራስዎ እጅ መልሰው ይሸጉት። እዚህ አገር በግልጽ የሚሸጥ ጫት እንኳ በአሜሪካና በሳውዲ ዓረቢያ፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም በእንግሊዝ፣ ያሳስራል። «ይቅርታ፣ አልችልም» ማለት ለጊዜው ቅር ቢያሰኝም ከእስር ቤት ያድናል።

በቦሌ

ዓለም አቀፍ መንገደኞች የሚስተናገዱት በ1995 ዓ.ም. በተከፈተውና ከማስፋፊያ ሥራ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው ተርሚናል 2 ነው። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በመግቢያው ላይ እርስዎም ዕቃዎም ትፈተሻላችሁ። ከዚያ ወደ መቀበያው ጠረጴዛ ይሄዳሉ። ሠራተኛው ፓስፖርትዎንና ቪዛዎን አይቶ፣ ሻንጣዎን መዝኖ ይረከብና ቦርዲንግ ፓስ የሚባለውን የመሳፈሪያ ወረቀት፣ ከሻንጣው መለያ ቁራጭ ጋር ይሰጥዎታል። ያቺን ቁራጭ አይጣሏት፤ ሻንጣው ቢዘገይ ማስረጃዎ እርሷ ናት። በመለያው ላይ የመጨረሻው መድረሻዎ መጻፉን ሠራተኛውን ጠይቀው ያረጋግጡ።

ሦስተኛው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ፓስፖርትዎን መርምሮ የመውጫ ማኅተም የሚመታበት ነው። አራተኛው ሌላ ፍተሻ ነው፤ ቀበቶ፣ ስልክና አንዳንዴም ጫማ በሣጥን ተደርገው ያልፋሉ። የወርቅ ጌጥዎን ሲያወልቁ ወዲያው ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ሲጨርሱም ፓስፖርትዎን ሳይቆጥሩ ከዚያ አይነሡ። በመጨረሻ በመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ወደተጻፈው በር ይሄዳሉ። አውሮፕላኑ የሚነሣበትና የመሳፈሪያው ሰዓት አንድ አይደለም፤ በሩ ቀደም ብሎ ይዘጋል።

መራመድ የሚያደክማቸው ወይም ቋንቋ የሚያስቸግራቸው እናቶች ትኬቱ ሲቆረጥ የተሽከርካሪ ወንበር ወይም የረዳት አገልግሎት እንዲመዘገብላቸው ቢያደርጉ መልካም ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከበር እስከ በር የሚያደርስ ሠራተኛ ይመደብላቸዋል። ይህን መጠየቅ በሽተኛ ያሰኛል ብሎ መተው አያስፈልግም።

በመንገድ ላይ

አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ጆሮ ይደፍናል። ማስቲካ ማኘክ፣ ማዛጋት ወይም ምራቅ መዋጥ ይከፍተዋል። በረጅም በረራ ላይ እግር እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋ አልፎ አልፎ ተነሥቶ መራመድ፣ ውኃም አዘውትሮ መጠጣት ይገባል። የሚያስፈልግዎትን ሁሉ የበረራ አስተናጋጆቹን ይጠይቁ፤ ሥራቸው ነው።

በመካከል አውሮፕላን የሚለውጡ ከሆነ ሲወርዱ ወደ መውጫው ሳይሆን ወደ መሸጋገሪያው ይሂዱ። የመሳፈሪያ ወረቀትዎን ለአንድ የደንብ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ ቢያሳዩት በእጁ ያመለክትዎታል። በሮች ስለሚለዋወጡ በየጊዜው የማስታወቂያ ሰሌዳውን መመልከት ያስፈልጋል። አንዲት የአዲስ አበባ እናት ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ እንዳጫወቷት፣ በአንድ የውጭ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ከአራት ሰዓት በላይ በአንድ በር ፊት ለፊት ተቀምጠው ቆዩ። በመካከሉ በሩ ተለውጦ ኖሮ ሌላው መንገደኛ ተነሥቶ ሲሄድ እያዩ፣ ወዴት ነው ብለው ለመጠየቅ አፈሩ። አውሮፕላኑ ጥሏቸው ሄደ። በማግስቱ በሌላ በረራ ልጃቸው ዘንድ ደረሱ። «ያስቀረኝ ቋንቋ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው» ይላሉ።

ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። ጉዞዎ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል ቢሆንም፣ መጀመሪያ በሚያርፉበት ከተማ ሻንጣዎን ተቀብለው በጉምሩክ ካለፉ በኋላ መልሰው ማስረከብ አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ነው።

ሲደርሱ

የድንበሩ መኮንን የሚጠይቅዎት ለምን እንደመጡ፣ የት እንደሚያርፉና ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ነው። የተጠየቁትን ብቻ በእውነት ይመልሱ፤ ካልገባዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። የሚቀበልዎትን ሰው ስም፣ አድራሻና ስልክ በላቲን ፊደል በወረቀት ላይ አስጽፈው ይያዙ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅበትም። ሻንጣዎ ካልመጣ ወይም ተሰብሮ ከደረሰ ከአዳራሹ ሳይወጡ ለአየር መንገዱ የሻንጣ ክፍል ያስመዝግቡ። በ1999 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በሻንጣ ላይ ለደረሰ ጉዳት ቅሬታ የሚቀርበው በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ደግሞ ሻንጣው በእጅ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ነው።

ለሥራ የምትሄዱ እህቶች

ለቤት ሠራተኝነት የምትሄዱ እህቶች ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። የሥራ ውላችሁ ቅጂ፣ የአሠሪው ስምና ስልክ፣ በዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በእጃችሁ ይሁን። አንድ ቅጂም ቤተሰብ ዘንድ ይቅር። በሳውዲ ዓረቢያ፣ በኩዌትና በኳታር አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዙ የተከለከለ ቢሆንም የሚይዙ አልጠፉምና፣ የፓስፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽና ቪዛውን አስቀድማችሁ ኮፒ አስደርጉ። ደላላ «ለጉብኝት ነው የምሄደው በይ» ብሎ የሐሰት መልስ ካስጠናችሁ፣ ወይም ፓስፖርታችሁን ይዞ እስከ በሩ ከነዳችሁ፣ ጉዞው ሕጋዊ እንዳልሆነ ዕወቁ። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣው እንዲህ ያለውን ሰው ለመቅጣት ነው። በፓስፖርት መመርመሪያው ፊት ስትቆሙ ደላላው አብሮ አይኖርም፤ እውነቱን ለመናገርና እርዳታ ለመጠየቅ አመቺው ጊዜ ያ ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

ልጆችም የሚጠበቅባችሁ አለ። ትኬት ልኮ «እማዬ፣ ነይ» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት ከእናታችሁ ጋር ተቀመጡ። ሰነዶቹን በየተራ አውጥታችሁ «ይህን ለመጀመሪያው፣ ይህን ለሁለተኛው» እያላችሁ አስጠኗቸው። «እንግሊዝኛ አልናገርም፤ ወደዚህ ከተማ ነው የምሄደው፤ እባክዎ የምሳፈርበትን በር ያሳዩኝ» የሚል ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስጧቸው። ለራሳቸው ግን ፓስፖርታቸውን ራሳቸው እንዲይዙ ተዉላቸው። ሌላ ሰው ሁልጊዜ የያዘላት እናት ከበሩ ወዲያ የት እንዳስቀመጠችው ይጠፋታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴኑ ሆነች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደርሷል። አውሮፕላኑን የምታበር ሴት ካለች ዘንድ፣ ተሳፋሪዋ ሴት በሩን ለማለፍ የምትፈራበት ምክንያት የለም። ፓስፖርትዎን በእጅዎ ይያዙ፣ ያላወቁትን ይጠይቁ፣ የሰው ዕቃ አይሸከሙ። መልካም መንገድ።