«ኮፒ ነው» አትበሉን!

ኤግዚቢሽን በገባን ቁጥር የኅትመት ሥዕል ፊት ቆሞ «ይሄማ ኮፒ ነው» የሚል አይጠፋም። ኧረ በሕግ አምላክ! ሠዓሊው እንጨቱን በእጁ ፈልፍሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ አትሞ «3/20»፣ ማለትም ከሃያው ሦስተኛው ብሎ ከፈረመበት በኋላ የምን ኮፒ?

ሸራ ያልሆነ ሁሉ ከተናቀማ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ለተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የነደፉት አፈወርቅ ተክሌ «መስኮት ገጣሚ» ሊባሉ ነው። የመርካቶን የኮምፒውተር ስብርባሪ እንደ ኮላዥ ገጣጥሞ በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ያቀረበው ኤልያስ ስሜም «ቆራሌው»!

ደግሞ ኅትመት ከሸራ ረከስ ይላል። እንደኛ ላለ ደመወዝተኛ ግድግዳ የሚደርስ ኦሪጅናል ቢኖር እሱ ነው። «ኮፒ» እያላችሁ ዋጋውን ስታወርዱት ገና የተመረቀው ልጅ የቤት ኪራዩን ከየት ያምጣ? ሙዚየሞችም ብትሆኑ የተፈለፈለውን እንጨት ከሥዕሉ ጎን ስቀሉልን።