«ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?» ለሚሉን

በአስተርጓሚነት ሥራዬ በራውዳና በአካባቢው ከሚኖሩ እህቶች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ማዳም ለተህሊል እንሂድ አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። እንቢ ልበል ወይስ ልሂድ?»

«ተህሊል» በዓረብኛ የላብራቶሪ ምርመራ ማለት ነው። የስኳርም፣ የእርግዝናም፣ የዕፅም ምርመራ በዚሁ ቃል ይጠራል። የዕፅ ምርመራ ከሆነ «ተህሊል ሙኸዲራት» ይባላል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሰምቶ መስማማትም ሆነ እንቢ ማለት አይቻልም። መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ምርመራውን መጥላት የለብንም። እጃችን ላይ ሕፃን አለ፣ ምድጃ አለ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው አእምሮው የነቃ እንዲሆን መፈለግ ነውር አይደለም። በዚያ ላይ አገር ቤት በነፃነት የሚቃመው ጫትና የሚጠጣው ጠላ እዚህ ሁለቱም በሕግ የተከለከሉ ናቸው። መጥላት ያለብን ሥርዓት የሌለውን ምርመራ ነው።

ሥርዓት ያለው ምርመራ ምን እንደሚመስል ለማየት የሕዝብ ትራንስፖርትን እንመልከት። በዕረፍት ቀናችሁ የምትሳፈሩበት የሪያድ ሜትሮ በ2024 መጨረሻ ሥራ ሲጀምር ባቡሮቹ ያለ ሾፌር የሚሄዱ ሆነው ነው። ሾፌር በሚነዳው ባቡር ግን የብዙ ሰው ሕይወት በአንድ ሰው እጅ ላይ ነው። በኦገስት 28 ቀን 1991 ኒውዮርክ ውስጥ አልኮል የጠጣ ሾፌር የሚነዳው የምድር ውስጥ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 5 ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ወር በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የአውቶቡስና የባቡር ሾፌሮች የዕፅና የአልኮል ምርመራ እንዲደረግላቸው የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን የምርመራው አካሄድ ነው። ናሙናው ሠራተኛው ዓይኑ እያየ ይታሸጋል፣ በወረቀት ይመዘገባል። ሽንቱ በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ዕፅ ካሳየ የበለጠ በሚያጣራ ሌላ ዘዴ ይረጋገጣል። ከዚያም ውጤቱ ለአሠሪው ከመነገሩ በፊት ሐኪም ራሱ ሠራተኛውን አግኝቶ «ሐኪም ያዘዘልህ መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሠራተኛው ካልተስማማ በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ላብራቶሪ እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ፈጣን ምርመራ ስለሚሳሳት ነው። ለጉንፋን የሚወሰዱ አንዳንድ ክኒኖች አምፌታሚን የተወሰደ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ኮዴይን ያለበት የሳል መድኃኒትም በምርመራ ይታያል፤ የወሰደችው ሴት ግን ሱሰኛ አይደለችም። «ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። ንጹሕ ሰውንም የሚያስፈራው የተሳሳተ ውጤትና የሚጠይቀው ሐኪም አለመኖሩ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ በፈጣን መመርመሪያ ወረቀት ታይቶ ሻንጣሽን አንሺ የሚያስብል ውሳኔ ፍርድ ሊባል አይችልም።

ሕጉስ ምን ይላል? አገራችን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ ላይ እንዳይገኝ ይከለክላል፤ በበቂ ምክንያት ሲጠየቅም ከኤች አይ ቪ በስተቀር የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ያዛል። ይሁን እንጂ ይህ አዋጅ በግል ቤት የምትሠራን ሠራተኛ አይመለከትም። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ለብቻዋ ደንብ ወጥቶላታል። በሁለቱም አገር የቤት ሠራተኛ ከዋናው ሕግ ውጭ ናት። ስለዚህ የአውቶቡስ ሾፌር በሕግ የሚያገኘውን ጥበቃ እኛ ቢያንስ በአንደበታችን መጠየቅ አለብን።

ለዚህም ሦስት የዓረብኛ ዓረፍተ ነገሮችን በቃላችሁ ያዙ። «ኤሽ ሃዛ አልተህሊል?» ማለት «ይህ የምን ምርመራ ነው?» ነው። «አና ኣኹዝ ደዋ፣ ወሃዚ አልወስፋ» ማለት «መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ማዘዣውም ይኸው» ነው። «አብጋ ተህሊል ታኒ ፊ ሙኽተበር ታኒ» ማለት ደግሞ «በሌላ ላብራቶሪ ሌላ ምርመራ እፈልጋለሁ» ነው።

አንድ ቃል ደግሞ ተጠንቀቁ። የሕመም ማስታገሻ «ሙሰኪን» ይባላል። አንዲት እህት «የሚያደነዝዝ ክኒን ነው የወሰድኩት» ብትልና አስተርጓሚው ቃል በቃል ቢተረጉመው «ሙኸዲር» ይሆናል። ይህ ቃል ለማደንዘዣም ለዕፅም የሚያገለግል ነው። ራስ ምታቷን የተናገረች ሴት ዕፅ መውሰዷን ያመነች ትመስላለች። የመድኃኒቱን ስም ከማሸጊያው ላይ ማሳየት ከመተርጎም ይበልጣል።

ከአገር ቤት መድኃኒት ስታስመጡም አስቡበት። እንደ ትራማዶል ያለው ክኒን እዚህ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ «ለወገብ ሕመም ነው» ብሎ ሰው የሰጣችሁ ጥቅል ሊያሳስር ይችላል። የሐኪም ማዘዣ የሌለው መድኃኒት አትቀበሉ፣ ለሌላም አታድርሱ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ከደረሰ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ለኤምባሲያችንም አሳውቁ።

ቤተሰቡ ልጁን በንቁ ሰው እጅ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ ልክ ነው። ይህን ያህል አደራ የተጣለባት ሠራተኛም ውጤቷ እስኪጣራ ድረስ ወንጀለኛ ተብላ እንዳትቆጠር መጠየቅ ይገባታል።