ወረርሽኝ ሲመጣ ረሃብ በየት በኩል ይገባል?

ወረርሽኝና ረሃብ ተከታትለው የሚመጡ ጠላቶች መሆናቸው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆኖም አንዱ ሌላውን የሚያስከትልበት መንገድ በሚገባ ካልተጤነ መከላከያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት አይቻልም።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ሲያስታውቅ የዓለም ጎተራ ባዶ አልነበረም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰበሰበው እህል ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የላቀ ነበር። ይሁንና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በተከታዩ ዓመት ባወጡት ዘገባ መሠረት በዚያው ዓመት ከ720 እስከ 811 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ተርቧል። እህል ሞልቶ ሳለ ሰው የተራበው ምርቱን ከበላተኛው ጋር የሚያገናኘው መንገድ ስለተቋረጠና የድኻው ኪስ ስለደረቀ ነው።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ምግብ ቤቶች በመዘጋታቸው ከብት አርቢዎች የታለበ ወተት መሬት ላይ ደፍተዋል። በሕንድ ሥራ የተቋረጠባቸው የቀን ሠራተኞች በእግራቸው ወደየቀያቸው ተሰደዋል። ቬትናም ለሕዝቧ በመስጋት ሩዝ ወደ ውጭ መላክን ለጊዜው በማቆሟ ከውጭ ገዝተው የሚበሉ አገሮች ተደናግጠዋል።

ወረርሽኝ ማሳውንም የሚያጠቃበት ጊዜ እንዳለ የኢትዮጵያ ገበሬ ከአያቶቹ ሰምቷል። ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ በገቡ ከብቶች አማካይነት የተዛመተው የከብት በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። መሬቱም ገበሬውም ነበሩ፤ የሚጠመድ በሬ ግን አልነበረም። ድርቅና አንበጣ ተጨምሮበት ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። ይኸው በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. የተበሰረው ክትባት ራቅ ወዳሉ ቀበሌዎች ሁሉ እንዲደርስ በመደረጉ ነው። በአፋር ክትባቱን የሰጡት ከዚያው ኅብረተሰብ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች እንደነበሩ አይዘነጋም።

ከዚህ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። በሽታ በተሰማ ቁጥር ገበያን መዝጋትና በየመንገዱ ኬላ ማቆም ቀላሉ ውሳኔ ይመስላል። ነገር ግን የተዘጋ ገበያ የአትክልት አምራቹን ምርት ያበሰብሳል፤ በቀን ሥራ የሚያድረውንም ያለ እራት ያስተኛል። ስለሆነም ገበያተኛው ተራርቆ እንዲገበያይ ቦታውን ማስፋት፣ የገበያውንም ቀን መከፋፈል ይመረጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ምርቱን በየቀበሌው ሰብስበው በአንድ ጊዜ ለማጓጓዝ ቢዘጋጁ የሰው ግርግር ይቀንሳል፤ እህሉም ይሄዳል።

የእርሻ ወቅት ደግሞ በሽተኛ እስኪድን አይጠብቅም። ባለቤቱ የታመመበት ማሳ ጾሙን እንዳያድር ወንፈሉና ደቦው በጥንቃቄ፣ በትንንሽ ቡድን መቀጠል ይኖርበታል። የዘር እህልና የእርሻ በሬ በችግር ጊዜ ቀድመው የሚሸጡ ጥሪቶች ናቸው፤ እነዚህ ከእጅ ከወጡ የአንድ ክረምት ሕመም የሁለት ዓመት ረሃብ ይሆናል። መሬት የሌላቸው፣ አቅመ ደካሞችና በቀን ሥራ የሚተዳደሩ አባወራዎችና እማወራዎች ከወዲሁ ተመዝግበው ቢታወቁ እርዳታው ሳይዘገይ ይደርሳቸዋል።

የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼና ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም። ረሃቡ የሚገባበት በር ግን ይታወቃል፤ እሱም መንገድ፣ ገበያ፣ ጉልበትና ዘር ነው። በሩን መጠበቅ ያለበትም በሽታው ከመድረሱ በፊት፣ ጎተራው ሙሉ በሆነበት በጥጋቡ ወራት ነው።