ስሙ የጠፋው አረንቋ

«ከድህነት አረንቋ መውጣት» የሚለው ሐረግ በዚህ ሳምንትም ከዜና እወጃ ወደ ስብሰባ አዳራሽ፣ ከአዳራሹም ወደ ጋዜጣ ርዕስ ሲዘዋወር ሰንብቷል፤ የዚህ ዓምድ ነባር አንባቢዎች እንደሚያውቁት በዚህ ገጽና በዚህ ሐረግ መካከል ያለው ጠብ የቆየ ነው። ጠቡ የሰዋስው አይደለም። ሐረጉ ውሃ የቋጠረን መሬት የችጋር ምሳሌ አድርጎ ያቆማል፤ ለሰቆጣና ለዙሪያዋ ደጋ ሲነገር ደግሞ ከእውነቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይሆናል። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ የተቸገረው አረንቋ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን፣ የክረምቱ ዝናብ በተራቆተው ተዳፋት ላይ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር አፈሩን ይዞ ወደ ፀላሪ ወንዝ፣ ከፀላሪም ወደ ተከዜ ስለሚወርድበት ነው።

የሐረጉ ጠበቆች ነገሩ ዘይቤ እንጂ የግብርና መመሪያ አይደለም ይላሉ። ዘይቤ ግን ውሎ አድሮ መመሪያ ይሆናል፤ አረንቋ ችግር ከተባለ መፍትሔው ማጠንፈፍ፣ ማለትም ቦይ ቀድዶ ውሃውን ማስወጣት ነው፤ የተጠነፈፈውም መሬት እስከዚያች ቀን ሥራ ፈትቶ የኖረ ይመስል «ለልማት ዋለ» ተብሎ ይነገርለታል።

ሥራ ፈትቶ አልኖረም። ውሃ በተኛበት መሬት ላይ የበቀለ ቄጠማና ሣር ሲሞት፣ ውሃው አየር ወደ አፈሩ እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል ቅሪቱ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ የዓመቱ በዓመቱ ላይ እየተደራረበ ይከማቻል፤ በሺህ ዓመታት እንዲህ የተጠራቀመው ጥቁርና ሰፍነግ መሰል አፈር በሳይንሱ አጠራር ፒት ይባላል። ፒት የሸፈነው ስፍራ ከዓለም የብስ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በውስጡ የያዘው ካርቦን በዓለም ደኖች ሁሉ ላይ ከቆመው ዛፍ ካርቦን ይበልጣል። ቦይ ተቀድዶ ውሃው ሲወጣ አየር ይገባል፤ ደቂቅ ሕዋሳት ለዘመናት የተቀመጠውን ቅሪት መብላት ይጀምራሉ፤ ከዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይድና፣ በማሞቅ ኃይሉ በክብደት ከእርሱ ከ250 እጥፍ በላይ የሚበልጠው ናይትረስ ኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይወጣሉ። በዚህ መንገድ የተጠነፈፈ መሬት የሚለቀው፣ ሰው ከሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች፣ ማለትም የፀሐይን ሙቀት አፍነው ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች፣ 4 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ያልተነካ ረግረግም ሚቴን የሚባለውን ጋዝ መልቀቁ አይካድም፤ ሚቴን ግን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከተጠነፈፈው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለትውልዶች ይከርማል።

በእንግሊዝ አገር ሆልም ፌን በተባለው ረግረግ በ1851 እ.ኤ.አ. ጫፉ ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረው የብረት ምሰሶ ዛሬ ከመሬት በላይ 4 ሜትር ያህል ተጋልጦ ይታያል፤ ከፍ ያለው ምሰሶው ሳይሆን ሲጠነፈፍ ዝቅ ያለው መሬቱ ነው። አየርላንዳውያን ደግሞ ፒቱን በአካፋ ቆርጠው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በምድጃቸው ሲያነዱ ኖረዋል፤ ይህ ለሰቆጣ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፣ ኩበት ነውና። ማጠንፈፍም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ያው ማንደድ ነው፣ ጢሱ ብቻ አይታይም።

በአገራችን በኢሉ አባቦር ሸለቆዎች ለበቆሎ ሲባል ረግረጎች ቦይ እየተቀደደላቸው ቆይተዋል። እሸቱ የሚደርሰው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወራት ስለሆነ ገበሬውን መኮነን አይቻልም፤ ነገር ግን ውሃው ጨርሶ ከወጣና ከብት ከተለቀቀበት በኋላ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ምንጩ ይሳሳል፣ ጣራ የሚከደንበት የጨፌ ሣርም ይጠፋል። ጨፌ በኦሮምኛ እርጥብና ለምለም መስክ ማለት ሲሆን፣ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ስለነበር የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል፤ አንዱ ሕዝብ ሸንጎውን የሰየመበትን መሬት የአማርኛ ዜና የድህነት መስደቢያ አድርጎታል። ለነገሩ አማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን ቤቱን ለበዓል የሚጎዘጉዘው ከዚያው ባጨደው ቄጠማ ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ያደሉትን ቄጠማ ምእመናን በራሳቸው ሲያስሩ የጥፋት ውሃ መጉደሉ ይታሰባል፤ ቄጠማው ራሱ ግን ውሃ በጎደለበት አይበቅልም።

ፒትን በዋግ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። የዋግ ተዳፋት ፒት የሚከማችበት አገር አይደለም። ላሟ በዋለችበት የሚለቀመው ኩበት ግን ያንኑ ታሪክ ይደግመዋል፤ ፋንድያው ወደ ምድጃ፣ ገለባው ወደ ከብት ሲሄድ አፈሩ ሊያስቀረው የሚገባው ካርቦን ሳይቀመጥበት ያልቃል፤ ካርቦን ያጣ አፈር ደግሞ ውሃ በደንብ አይዝም። የከብቱ ነገር ከተነሣ፣ ኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010 እ.ኤ.አ. ልቀቷን 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብላ ስትገምት፣ ትልቁ ድርሻ እያመነዠከ ሚቴን ለሚያገሳው ከብት ተሰጥቷል። የአበርገሌ ፍየል እንኳ በመዝገብ የገባችበት ሒሳብ የሰቆጣን ገበሬ ባለዕዳ ለማድረግ ከዋለ ግን፣ ይህ ዓምድ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሌላ ጠብ ይጀምራል፤ ረግረጋቸውን ከዘመናት በፊት አጠንፍፈው የበለጸጉት አገሮች ዕዳቸውን አስቀድመው ይክፈሉ።

የዋግ ገበሬ በየዓመቱ በበጋው የጋራ ሥራ እርከን ሲሠራ፣ ክትር ሲያስር፣ ኩሬ ሲቆፍርና ተራራውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲያደርግ የሚደክመው ውሃ እንዲተኛ ነው፤ ዜናው «ውጡ» የሚለውን አረንቋ በዶማና በድንጋይ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የታለመው መርሐ ግብር የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ተጠርቷል፤ ለሕፃን የሚቀርበው ጎመንና ካሮት የሚበቅለውም ውሃ በተኛባቸው እርጥብ ቦታዎች ነው። ተራራው አገግሞ ከግርጌው ምንጭ ሲፈልቅና ዙሪያው ቄጠማ ሲያበቅል ግን፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው ሽንኩርት ሊተክልበት ቦይ መቅደድ ይጀምራል።