ለመምህርቷም የጥናት ሰዓት ይኑራት

ማታ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳ ላይ ያቀረቀረች እናት ስናይ ብዙዎቻችን «ጨዋታ ያዘች» እንላለን። አራተኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምረው ጎረቤቴ ግን በዚያ ሰዓት ትምህርት ላይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቿ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የትኛው እንደሚበልጥ ሲጠየቁ፣ «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ አንድ አራተኛ» እያሉ አስቸገሯት። ችግሯን በቴሌግራም ለሚወያዩ የሙያ ጓደኞቿ ጻፈች። በአካል አይታት የማታውቅ፣ በሌላ ከተማ ያለች መምህርት እንዲህ ስትል መለሰችላት፦ «ሁለት እኩል ዳቦ ይዘሽ ግቢ። አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት ቁረጪና ከየትኛው ቁራሽ እንደሚሹ ጠይቂያቸው።» በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ ለሦስት ወደተቆረጠው ዳቦ ጠቆሙ። ነገሩ ገባቸው።

መምህራን እርስ በርስ መማማራቸው አዲስ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠይቅ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ብዙ መምህራን ውይይታቸውን በስልክ ቀጠሉ።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ሰዓቱ ላይ ነው። ጎረቤቴ ከሥራ ስትመለስ ወጡ፣ ልብሱ፣ የልጆቿ የቤት ሥራ ይጠብቃታል። ስልኳን የምትከፍተው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ውይይቱ አልቋል። «የሌሎቹን አነባለሁ፤ የራሴን ለመጻፍ ግን እንቅልፍ ይቀድመኛል» ትላለች። በዚህም ምክንያት የ15 ዓመት የማስተማር ልምዷ ለሌላ ሳይተርፍ ከእሷው ጋር ይቀራል። ይህ የእሷ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችንም ጭምር ነው።

መፍትሔው ከቤት ይጀምራል። ባል በሳምንት ሁለት ማታ እራት ቢያነሳና ልጆቹን ቢያስጠና፣ ትልልቆቹ ልጆች ዕቃውን ቢያጥቡ፣ መምህርቷ አንድ ሙሉ ሰዓት ታገኛለች። እሷም በበኩሏ ያገኘችውን በማግስቱ ስልክ ለሌላት ባልደረባዋ ብትነግር፣ የተማሪዎቿን ስምና ውጤት ግን ለማንም ባትልክ መልካም ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላል። የቤቱን ሥራ ብንካፈልላት እሷም ዕውቀቷን ታካፍላለች። እስቲ ዛሬ ማታ በየቤታችን እንጀምረው።