ታላቅ ቴሌስኮፕ እንዴት ይቆማል?

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሰው ታላላቅ ዕቃ ሲወርድና ሲጫን ማየት ልማዱ ነው። በዶራሌ ወደብ ክሬኖቹ ቀንም ሌሊትም ከመርከቡ ሆድ እያነሡ ወደ ምድር ያወርዳሉ። ስለዚህ ልጅ ያለው አባት አንድ ምሽት፦ «ይህን ያህል ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ወደብ ካለን፣ ሰማዩም አብዛኛውን ጊዜ ደመና የሌለው ከሆነ፣ ሊቃውንቱ ታላቁን ቴሌስኮፕ እዚሁ ባሕሩ ዳር ስለ ምን አያቆሙትም?» ተብሎ ቢጠየቅ አይደነቅ። ጥያቄው የልጅ ቢሆንም ለመልሱ በቂ ዝግጅት ያስፈልጋል።

ቴሌስኮፕ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ሩቅ ማያ» እንደ ማለት ነው፤ በአማርኛም የከዋክብት መነጽር ብንለው ያስኬዳል። አንዱን «ኮከብ» ብለን ሲበዛ በግእዙ ሥርዓት «ከዋክብት» እንላለን፤ በትግርኛም «ኮኾብ» ሲበዛ «ከዋኽብቲ» ስለሚሆን፣ አንደኛውን ቋንቋ የሚያውቅ በሁለተኛው እንግዳ አይሆንም።

ብዙ ሰዎች የቴሌስኮፕ ሥራ ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ ማሳየት ብቻ ይመስላቸዋል። ዋናው ሥራው ግን ብርሃንን መሰብሰብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከስኒ ይልቅ ገበቴ ብዙ ውሃ እንደሚይዝ፣ ሰፊ መስተዋትም ከዓይናችን ይልቅ ብዙ ብርሃን ይይዛል። የዓይናችን ብሌን በጨለማ ቢከፈት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ መስተዋት ግን ከዚህ 20,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

ጋሊሌዎ በ1609 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሰማይ ያቀናው መነጽር ብርሃንን በሚያሳልፍ ሌንስ የተሠራ ነበር። ሌንስ ግን ሊያዝ የሚችለው በዳሩ ብቻ ስለ ሆነ፣ እጅግ ሲሰፋ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። በአሜሪካ በየርክስ በ1897 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ሌንሱ 102 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቴሌስኮፕ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ወሰን ሆኖ ቀረ። መስተዋት ግን ከበስተ ጀርባው በብዙ ቦታ ሊደገፍ ይችላል። ኒውተን በ1668 ዓ.ም. በትንሹ የጀመረው የመስተዋት ቴሌስኮፕ ለታላላቆቹ ሁሉ አብነት የሆነው ስለዚህ ነው።

የድካሙን መጠን ለማወቅ በካሊፎርኒያ በፓሎማር ተራራ ላይ የቆመውን እንመልከት። የመስተዋቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር ያህል ነው። በ1934 ዓ.ም. በኮርኒንግ ከተማ የቀለጠው ብርጭቆ በቅርጹ ውስጥ ሲፈስስ፣ የቅርጹ አንዳንድ ክፍሎች ተነቅለው ተንሳፈፉና ሥራው ተበላሸ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደገና ቀለጠ። ትኩስ ብርጭቆ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደሚሰነጠቅ፣ በጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰች ባልትና ዐዋቂ ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ሙቀቱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ፣ ለመቀዝቀዝ ብቻ አሥር ወር ያህል ፈጀ። በ1936 ዓ.ም. በልዩ ባቡር ተጭኖ ሲሄድ፣ ባቡሩ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይፈጥን፣ በሌሊትም እንዳይጓዝ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ መፋቁና መወልወሉ ቀጠለ፤ በመካከሉ የዓለም ጦርነት አቋረጠው። 20 ቶን ሆኖ የፈሰሰው ብርጭቆ ተፍቆ 14 ቶን ተኩል ያህል ሲቀር ወደ ተራራው ወጣ፤ ቴሌስኮፑም በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ከመጀመሪያው ማቅለጥ እስከ ምረቃው 14 ዓመት መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። የመስተዋቱ ፊት ከታሰበለት ቅርጽ በሰው ጠጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ያህል እንኳ ቢዛነፍ የኮከቡ መልክ ይደበዝዛል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ሌላ ዘዴ አገኙ፤ ይኸውም አንዱን ታላቅ መስተዋት በብዙ ታናናሾች መተካት ነው። በደቡብ አፍሪካ በሰዘርላንድ በ2005 ዓ.ም. የተመረቀው ቴሌስኮፕ፣ ስፋቱ 11 ሜትር ያህል የሆነው መስተዋቱ የተገጠመው ከ91 ባለ ስድስት ማዕዘን መስተዋቶች ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ያህል ይሰፋል። ዘጠና አንዱም እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ የእያንዳንዱ አቀማመጥ ዘወትር ይታረማል።

አሁን ወደ መገጣጠሙ እንምጣ። አስቀድሞ የተራራው አለት ይመረመራል። ቴሌስኮፑን የሚሸከመው የሲሚንቶ ምሰሶ በአለቱ ላይ ይተከላል፤ ቤቱና ጉልላቱ ግን በሌላ መሠረት ላይ ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይተዋል። ይህም ነፋስ ጉልላቱን ሲገፋው፣ ወይም ሰው በወለሉ ላይ ሲራመድ፣ ንቅናቄው ወደ መስተዋቱ እንዳይተላለፍ ነው። ቀጥሎ የብረቱ አካል ይገጠማል፤ እንደ ነጋዴ ሚዛንም ግራና ቀኙ ይስተካከላል። ምድር ስለምትዞር ቴሌስኮፑ ኮከቡን ለመከተል ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ መዞር አለበትና፣ አንዳች መንገጫገጭ አይፈቀድለትም። በፓሎማር ከ500 ቶን በላይ የሚመዝነው ተንቀሳቃሽ ክፍል የሚዞረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው። የመስተዋቱ ፊት አየር በወጣለት ታላቅ ጋን ውስጥ በስስ አሉሚኒየም ይለበጣል፤ ይህ ልባጥ በየጊዜው ስለሚደበዝዝ እየታጠበ ይታደሳል። ስለዚህ ቴሌስኮፕ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሐውልት አይደለም፤ ዘወትር ጠባቂ ይፈልጋል።

እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ መልስ እንስጥ። ከጋለ ምጣድ በላይ ያለው አየር ሲርገበገብ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ዕቃ ሲወዛወዝ እናያለን። የኮከብ ብርሃንም እስከ ባሕር ወለል ድረስ ሲወርድ በዚህ ዓይነት አየር ውስጥ ያልፋል። በጅቡቲ ጠረፍ ሙቀቱና የባሕሩ እርጥበት ይበዛል፤ በበጋው ወራት ካምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋ ያነሣል፤ ጨው ያለበት አየር ብረትን ያዝጋል፤ የወደቡም መብራት ሰማዩን ያነጣዋል። ሊቃውንት ተራራ የሚወጡት ወደ ከዋክብት ለመቅረብ ሳይሆን፣ ከዚህ ወፍራም አየርና ከከተማ ብርሃን ለመራቅ ነው።

በጎረቤት በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ተጀምሯል። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ፣ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመው በ2015 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ስፍራው ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ለማየት ይመቻል። ነገር ግን በክረምት ደመና ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራትም ጨለማውን ይሻማዋል። በላሊበላ አካባቢ ባሉት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ሌላ የሚበልጥ መመልከቻ ለማቆም የታሰበውም ከከተማ ብርሃን ስለሚርቅ ነው።

ከዚህ የምንማረው መስተዋት በገንዘብ ሊገዛ ቢችልም፣ ጨለማ ሰማይና የሠለጠነ እጅ ግን በመርከብ ተጭነው የማይመጡ መሆናቸውን ነው። እጅን ማሠልጠን እንደሚቻል ጅቡቲ በበኩሏ አሳይታለች፤ በፈረንሳይ በሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ የጠፈር ማዕከል የሠለጠኑ ልጆቿ የሠሩት ጅቡቲ 1ኤ የተባለው ትንሽ ሳተላይት በ2023 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ወጥቷል። ትንሹን መሣሪያ በትክክል መግጠም የለመደ እጅ ለታላቁም ይበቃል።

ሰማዩን መጠበቅ ግን የሊቃውንት ሥራ ብቻ አይደለም። ይህን ዓምድ ከሚያነብቡት ሹማምንት መካከል የመንገድ መብራት የሚያስተክሉ፣ የከተማ ፕላን የሚያጸድቁ አሉ። መብራቱ ሽፋን ተደርጎለት ብርሃኑ ወደ ምድር ብቻ ቢወርድ፣ መንገደኛው መንገዱን ያያል፤ ወጪውም ይቀንሳል፤ ሰማዩም ይተርፋል። ተራራው በመብራት ከተከበበ በኋላ ግን ምሰሶውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና መትከል የሚችል በጀት አይገኝም። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።