ለማይከፍተው በር ምስማር



ስለ ዳዊት ሲነሣ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ጎልያድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን በ1ኛ ዜና መዋዕል 22 ላይ ያለው ሽማግሌው ዳዊት ነው። ቤተ መቅደሱን አንተ አትሠራም ተብሏል። አኩርፎ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን ድንጋይ ጠራቢ ይሰበስባል፤ ዝግባ ያስመጣል፤ ብረት ያከማቻል። ለበሮቹ የሚሆን ምስማር እንኳ ያዘጋጃል። እርሱ ለማይከፍተው በር!

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ሰው ትዝ ይለኛል። ማርቲን ሉተር ኪንግን የማያውቅ የለም። የሂውስተንን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ተወልዶ ያደገባት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን እንኳ አልሰሙትም።

ሂውስተን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መኮንን ሆኖ ፈረንሳይ ዘመተ፤ እዚያም ነጭ የጦር ጓዶቹ በጥቁሮች ላይ የሚያወርዱትን ንቀት ቀመሰ። በሕይወት ከተመለስኩ ሕግ ተምሬ መልሰው መምታት ለማይችሉት እቆማለሁ ብሎ ወሰነ። ሃርቫርድ ገባ፤ የሕግ መጽሔቱ የመጀመሪያው ጥቁር አርታኢ ሆነ፤ በ1923 የዶክትሬት ዲግሪውን ይዞ ወጣ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ ቢሮ አላቸው። እዚያ ተቀምጦ ተከብሮ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ማስተማር ጨመረበት።

በ1929 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት የሚመራበት ኃላፊነት ተሰጠው። ያን ጊዜ ትምህርቱ የማታ ነበር፤ ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ይማራል። ሂውስተን የማታውን ዘጋና የቀን ትምህርት ቤት አደረገው። ብዙ የቀድሞ ተመራቂዎች አዘኑበት። ሐዘናቸውን አቃልዬ አላየውም፤ ልጆች ያሉት፣ የቀን እንጀራውን መተው የማይችል ሰው በሩ ተዘግቶበታል። ሂውስተን ግን የሚፈልገው ነጩ ዳኛ ስሕተት ፈልጎ የሚያጣበትን ክርክር የሚጽፍ ጠበቃ ነበር። ተማሪዎቹ ከጥብቅነቱ የተነሣ “ብረት ጫማ” ይሉት ነበር። ከእነርሱ አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነው፤ ከባልቲሞር በባቡር እየተመላለሰ፣ እናቱ የጋብቻ ቀለበቷን አስይዛ ከፍላለት ተማረ። በ1933 አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። (በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በእነዚያው ዓመታት የእኛው መላኩ በያን ሕክምና ይማር ነበር፤ በ1935 ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕጋዊ ነው፣ እኩል ነገር እስከ ቀረበ ድረስ ብሎ ፈርዶ ነበር። “እኩል” የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ቀረ፤ “መለየት” የሚለው ብቻ ሥራ ላይ ዋለ። ሂውስተን ይህን ፍርድ በአንድ ጊዜ ለመጣል አልዘለለም። ቃላችሁን ያዝኩ አላቸው፤ እኩል ካላችሁ እኩልነቱን አሳዩኝ። የፊልም ካሜራ ይዞ ደቡብ ካሮላይና ወረደ፤ የነጮቹንና የጥቁሮቹን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ቀረጸ። ክሱን ደግሞ ከሕግ ትምህርት ቤቶች ጀመረ። ለጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ብሎ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሠራ ክፍለ ግዛት የት ይገኛል? በ1936 ከማርሻል ጋር የሜሪላንድን ዩኒቨርሲቲ ረታ። በ1938 ደግሞ ሎይድ ጌይንስ የተባለ ወጣት ስለ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶ አሸነፈ።

ጌይንስ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፍል አልገባም። በ1939 ቺካጎ ውስጥ ደብዛው ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በብዙ ድካም የተከፈተው በር ቁልጭ ብሎ ክፍት ነው፣ የሚገባበት ሰው የለም። ሂውስተን ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ወደሚቀጥለው ክስ ሄደ።

እንግዲህ ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ለዓመቱ ስም እናወጣለን፤ “የመግባት ዓመት”፣ “የመስፋት ዓመት”። እኔም አሜን ብያለሁ፤ ጌታ በአንድ ቀን የሚያደርገውን አልክድም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ለሚፈጅ ሥራ፣ ፍሬውንም ላያይ ለሚችል ሰው፣ የትኛው መድረካችን ይጸልይለታል? አንድ ወጣት የሕግ ትምህርት ሸክም አለኝ ቢለን “እሱስ ደኅና፣ አገልግሎትህ ግን ምንድን ነው?” እንለዋለን። መዘምራን ወይስ ስብከት ማለታችን ነው። ዕብራውያን 11ን እንኳ የምንሰብከው እስከ ቁጥር 35 አጋማሽ ነው፤ መንግሥታትን ድል የነሡት፣ የአንበሶችን አፍ የዘጉት፣ ሙታናቸውን በትንሣኤ የተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ያሉት፣ ተስፋውን ሳያገኙ ግን ተመስክሮላቸው ያለፉት ሲመጡ መጽሐፉን እንዘጋለን። በደርግ ጊዜ በየቤቱ ተደብቀው ከጸለዩት አባቶችና እናቶች መካከል ስንቱ ነው የዛሬውን አዳራሽ ሳያይ ያንቀላፋው? የጸለዩት ለየትኛው ዓመት ነበር?

ሂውስተን ሰባኪ አልነበረም፤ ጻድቅ ላደርገውም አልተነሣሁም። በቤቱ ያልነበረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሥራው ጤናውን በልቶታል። በ1948 በዋሽንግተን ብራያንት ጎዳና ቤት የገዙ ጥቁሮችን፣ ጎረቤቶች ለጥቁር እንዳይሸጥ ተፈራርመንበታል ብለው ሊያስወጧቸው ሲሉ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ አስፈርዶላቸዋል። በዚያው ጊዜ ጋርድነር ቢሾፕ የሚባል ፀጉር አስተካካይ የመራቸውን ወላጆች፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲሟገቱ፣ ያለ ክፍያ ይዞላቸው ነበር። ልቡ ታመመ። ለትንሽ ልጁ መልእክት ተወ፤ ጥሎት እንዳልሄደ፣ ለእርሱና ለመሰሎቹ ሰፊ ዕድል እንዲኖር ሲታገል እንደ ወደቀ እንዲነግሩት። ቢሾፕንም ጉዳዩን ይዘህ የሃዋርዱ ጄምስ ናብሪት ዘንድ ሂድ አለው። ሚያዝያ 1950 በ54 ዓመቱ አረፈ።

ግንቦት 17 ቀን 1954 ማርሻልና ጓዶቹ ብራውን በሚባለው ክስ ረቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። በዚያው ቀን የተነበበ ሌላ ፍርድ ነበር፤ ያ ናብሪት የተከራከረው፣ የፀጉር አስተካካዩ የቢሾፕ ጉዳይ ነው።